አንድ ልብ መካሪ፣ አንድ ቃል ተናጋሪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ጥያቄ ላይ ተገናኝተዋል፦ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ አእምሮ ሆኖ በሰላም ቢኖር ምን ይጎድለዋል? ሦስቱም ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የተላኩ በመሆናቸው የዛሬውን አምድ ለእነርሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በባሕር ዳር ከተማ ሰፈነ ሰላም በሚባለው ሰፈር የምኖር፣ በአንድ ሆስፒታል በነርስነት የማገለግል አንባቢያችሁ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ በፍላሽ አምጥቶ ያሳየኝ አንድ ተከታታይ ፊልም ሐሳብ ላይ ጥሎኛል። በፊልሙ ውስጥ ከጠፈር በመጣ ነገር ምክንያት የዓለም ሕዝብ፣ ከጥቂት ሰዎች በቀር፣ አንድ አእምሮ ይሆናል። አንዱ የሚያውቀውን ሁሉም ያውቀዋል፣ አንዱን ያመመው ሁሉንም ያመዋል። ከዚያ ወዲያ ጦርነት የለም፣ ሌብነት የለም፣ ነፍስ ያለውን መግደል የለም። ከጥቂቶቹ አንዷ የሆነችው ሴት ግን ዓለምን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ትነሣለች፤ ተመልካቹም ከእርሷ ጎን እንዲቆም ይጠበቅበታል። እኔ መቆም አልቻልኩም።

ምክንያቴን ልንገርዎት። ባለፈው ዓመት በምሠራበት ክፍል ሁለት ቁስለኛ ወጣቶች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። በተቃራኒ ወገን ተሰልፈው የቆሰሉ መሆናቸውን ያወቁት ከተኙ በኋላ ነው። የአንደኛው እናት ለልጇ ውሃ ከቀዳች በኋላ ሌላ ኩባያ ሞልታ ለጎረቤቱ ስትዘረጋለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እርሷም ኩባያውን ከአልጋው አጠገብ አስቀምጣለት ሄደች፤ ጠዋት ስገባ ውሃው እንዳለ ነበር። በማግስቱ ሌሊትም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ በእጅ ባትሪ እየዞርኩ ሳለሁ ኩባያውን ከእጇ ተቀብሎ ሲጠጣ አየሁት። አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። እኔ ግን ወደ ተረኞች ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ለአንዲት ኩባያ ውሃ ሦስት ሌሊት ለምን ያስፈልጋል? የሁሉም ልብ አንድ ቢሆን ኖሮ ውሃው በመጀመሪያው ሌሊት በተጠጣ፤ እንዲያውም ልጆቹ ከነጭራሹ ባልቆሰሉ። ታዲያ ደራሲዎች እንዲህ ያለውን ሰላም ለምን እንደ መዓት ይስሉታል? የግለሰብ ነጻነት የሚሉት ነገር በሰላም ወጥቶ የሚገባ ሰው ቅንጦት አይደለምን?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በመጀመሪያው ንባብ ያሰብኩትን መልስም ትቼዋለሁ። ያ መልስ ስለዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ የሚጽፉ ሰዎች የሚያዘወትሩት ነው፤ ጦርነትና ጠብ የነጻነት ዋጋ ናቸው፣ ሰው ሆነን ለመኖር ዋጋውን እንከፍላለን የሚል። ቁስል ለሚያጥብ ሰው እንዲህ ብሎ መመለስ ነውር ነው፤ ይህን የሚናገረውና ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም።

ስለዚህ በመጽሐፎቹ ልጀምር፤ አንዳንዶቹ የእርስዎን ጥያቄ ጭራሽ አይነኩትምና። በዚህ መስመር ቀድሞ የሚነሣው የሩሲያዊው መሐንዲስ የየቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ዛምያቲን እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 ጽፎት በአገሩ ሊታተምለት ስላልቻለ በ1924 በእንግሊዝኛ ትርጉም ኒውዮርክ ላይ ወጣ፤ በሶቪየት ኅብረት የታተመው በ1988 ነው። በዚያ ዓለም ሰዎች በስም ፈንታ ቁጥር አላቸው፤ ግድግዳው መስታወት በሆነ ቤት ይኖራሉ፤ ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ተነሥተው በተመሳሳይ ሰዓት ማንኪያ ያነሣሉ፤ አንድ ጉርሻ ሃምሳ ጊዜ እንዲታኘክ እንኳ ተደንግጎላቸዋል። ይህም አልበቃ ብሎ መንግሥቱ ምናባቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወግዳል። እንዲህ ያለውን ዓለም ለመጥላት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ጅራፉም ገራፊውም ፊት ለፊት ይታያሉ። ሰላሙ የይምሰል ስለሆነ የእርስዎ ጥያቄ አይነሣበትም።

አልደስ ሀክስሊ በ1932 ያወጣው «ብሬቭ ኒው ወርልድ» ወደ ጥያቄዎ ይቀርባል። እዚያ በጅራፍ ፈንታ ሶማ የሚባል ኪኒን አለ፤ ሰውም ከማኅፀን ውጪ ተዘጋጅቶ፣ የተመደበለትን ኑሮ እንዲወድ ሆኖ ያድጋል። ከዚያ ሥርዓት ውጪ ያደገው ወጣት ከገዢው ጋር ተከራክሮ በመጨረሻ «ደስተኛ ያለመሆን መብቴን እጠይቃለሁ» የሚል ቃል ይናገራል። በወጣትነቴ ይህን ቦታ በእስክሪብቶ አስምሬበት ነበር። ሰሞኑን ደብዳቤዎን አጠገቤ አስቀምጬ ስመለስበት ግን አላጠገበኝም። እርስዎ በሚያገለግሉበት ክፍል ልጇን የምታስታምም እናት የማዘን መብቴ ይከበርልኝ አትልም፤ ልጄን አድኑልኝ ነው የምትለው። ደራሲው ለሐዘን ጠበቃ ሲቆም ለእርሷ ጠበቃ የቆመላት የለም።

የሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» በ1993 ለወጣቶች የተጻፈ ቢሆንም ከሁሉም ይበልጥ ለነርስ የተጻፈ ይመስለኛል። በዚያ መንደር ጠብ የለም፣ ረኀብ የለም፣ ቀለም እንኳ የለም፤ ያለፈውን ዘመን ትዝታ ሁሉ አንድ ሽማግሌ ብቻ ተሸክሞላቸዋል። የባለታሪኩ አባት ሕፃናትን የሚንከባከብ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። አንድ ቀን መንትያ ሕፃናት ይወለዳሉ፤ አባትየው ሁለቱን ይመዝንና ያነሰውን በመርፌ ወግቶ ይገድለዋል። ሲወጋውም እያባበለ ነው፤ አስከሬኑን በጉድጓዱ ቁልቁል ሲልከው በእጁ ቻው ይለዋል። እጁ አይንቀጠቀጥም። የሚያደርገው ነገር ስሙ ምን እንደሆነ የሚያውቅበት ቃል ከመንደሩ ጠፍቷል። ይህን ገጽ ሳነብ ሁልጊዜ እደነግጣለሁ፤ ሆኖም በደራሲዋ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አስከሬን በሰላሙ ውስጥ ደብቃ አስቀምጣለች፤ አስከሬኑ ሲገለጥ ለመፍረድ አንቸገርም። አብዛኞቹ ደራሲዎች እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ፈገግ የሚለውን ዓለም ሠርተው ሲያበቁ ወለሉ ሥር ሬሳ ያስቀምጣሉ። እርስዎ የጠየቁት ግን ሬሳው ባይኖርስ ብለው ነው።

እንግዲህ ሬሳው የለም እንበል። አርተር ክላርክ በ1953 ባወጣው «ቻይልድሁድስ ኤንድ» በተሰኘው መጽሐፍ ይህን የሞከረው ይመስለኛል። ከሰማይ የመጡ ጠባቂዎች ጦርነትንና ረኀብን በእውነት ያስቀራሉ፤ ዘመኑም የተድላ ዘመን ይሆናል። ከዚያም ሕፃናቱ አንድ በአንድ ስማቸውን ይተዋሉ፣ ዘግይተውም ከሰው በላይ ከሆነ አንድ ታላቅ አእምሮ ጋር ይቀላቀላሉ። የሚወቀስ ክፉ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ያለው የወላጆቹ ሁኔታ ነው፤ ልጆቻቸውን በዓይናቸው እያዩ ልጆቻቸው ግን አያውቋቸውም፣ ዞረውም አያዩአቸውም። ልጅ በስሙ ተጠርቶ «አቤት» ሳይል ሲቀር ማለት ነው።

ወደዚህች ቃል ስደርስ የራሴን መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። በእኛ ቋንቋ «አቤት» ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሲጠሩን እዚህ ነኝ የምንልበት ነው፤ ሁለተኛው የተበደለ ሰው ከዳኛ ደጅ ቆሞ፣ ድሮም ከንጉሥ ፊት ወድቆ የሚጮኽበት ነው። አቤቱታ የሚለው ቃል ከዚሁ ጋር ዘመድ ነው። ሁለቱም እንዲኖሩ ጠሪና ተጠሪ፣ ጯሂና ሰሚ ያስፈልጋሉ። በፊልሙ ዓለም ግን ስምዎን የሚጠራ የለም፤ የሚጠራዎትም እርስዎ ራስዎ ነዎትና። ተበድዬአለሁ የሚልም የለም። ይህ በደል ስለጠፋ ከሆነ እሰየው ነው። ነገር ግን በደሉ ቀርቶ፣ በደሉን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶስ ቢሆን? ከውጪ ሆኖ የሚያይ ማን ይለየዋል? ከውስጥስ ሆኖ ማን ይናገራል? ሁሉም አንድ ልብ የሆነበት ዓለም፣ ሰው የዳነበትም ሆነ ሰው ያለቀበት ዓለም፣ ዝምታው አንድ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ሌሊቶች ልመለስ። አንድ አእምሮ በሆነ ዓለም ውሃው ወዲያው ይጠጣል፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን የሚሆነው ግራ እጅ ለቀኝ እጅ ኩባያ እንደሚያቀብለው ነው። ግራ እጄ ቀኝ እጄን ይቅር አለው ብዬ አላውቅም። ታረቀ ሲባል «ከማን ጋር?» ተብሎ ይጠየቃል። መታረቅ፣ መስማማት፣ መተማመን፣ መዋደድ ሁሉም ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ያች እናት ኩባያውን የዘረጋችው ለልጇ ጠላት መሆኑን እያወቀች፣ ልትከለክለው እየቻለች ነው። ልጁም ሁለት ሌሊት ሙሉ እንቢ ማለት ስለቻለ በሦስተኛው ሌሊት መቀበሉ መቀበል ሆነ። እርስዎ ያለቀሱት ውሃ ስለተጠጣ ብቻ አይመስለኝም፤ ውሃ ሲጠጣ በየቀኑ ያያሉ።

ልጆቹ ከነጭራሹ ባልቆሰሉ ላሉት የምከራከርበት ምንም የለኝም። ከሁለቱ አንዱ «ባልቆሰልኩ» ቢል ከእርሱ ጋር እቆማለሁ። የማልስማማው ለቁስሉ መነሻ ተደርጎ በተቆጠረው ነገር ላይ ነው። ፊልሙ ሰው ከሰው የሚጋደለው ልቡ ስለተለያየ ነው ብሎ ይነሣል። እኔ እዚህ ከተማ ባሳለፍኩት ዕድሜ ያየሁት ግን ሰው ልቡ ከጎረቤቱ ልብ እየተለየ በአንድ ዕድር፣ በአንድ ሰንበቴ፣ በአንድ አጥር ተጎራብቶ ሲኖር ነው፤ ዱላ የሚያነሣው በአብዛኛው አቤት ብሎ ሰሚ ያጣ ዕለት ነው። ይህ ከሆነ የሚፈለገው መድኃኒት ብዙ ጆሮ ነው። አንድ አእምሮ ደግሞ አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያለው፤ እርሱም የራሱን ድምፅ ብቻ ይሰማል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ መግባት እንጂ መውጣት የለም። ማኅበር ገብቶ የከበደው ሰው ጽዋውን መልሶ ይወጣል፤ ያገባ ሰው ኑሮው ካልሆነለት ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ይፋታል። ከዚያ አንድነት ግን፣ ልውጣ ብሎ የሚያስብ ራስ ስለማይቀር፣ ልውጣ ተብሎ አይታሰብም። ለዚህም ይመስለኛል የቀረችው ሴት ሁሉም በፈገግታ ሲቀርቧት የምትሸሸው። እርስዎ ከጎኗ ባይቆሙ አልፈርድብዎትም፤ ቢያንስ እንቢ የማለት ፋታዋን እንዲተዉላት ግን እለምንዎታለሁ። በእርስዎ ክፍል የነበረው ልጅ ሦስት ሌሊት ተሰጥቶታል።

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምንኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ነው። አባቴ ሰባት ባህላዊ ቀፎዎች አሉት። ይህን አንድ የሆነ አእምሮ ሰዎች የቀፎ አእምሮ እያሉ ሲጠሩት እሰማለሁ። እውነት ንቦች እንደዚያ ናቸው? የምታዛቸው አውራዋ ናት?»

መልስ፦ ልጄ፣ ስሙ በንቦች ላይ የተፈጸመ በደል ይመስለኛልና ስለጠየቅኸኝ ደስ ብሎኛል። የአገራችን ሰው «አውራ» ብሎ ሲጠራት እንደ ንጉሥ ያዛል ብሎ ነው፤ እርሷ ግን እናት እንጂ አዛዥ አይደለችም። እንቁላል ትጥላለች፣ በጠረኗም መንጋው አንድ መሆኑን ያውቃል። ወዴት እንሂድ የሚለውን የምትወስነው ግን እርሷ አይደለችም፤ ሌሎቹ የወሰኑበት ትሄዳለች።

የአንተን ያህል ሳለሁ ከጓሯችን ቀፎ መንጋ ወጥቶ በማንጎው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ቡናማ ጢም ይመስል ነበር፤ በቀላሉም ይነዝራል። ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያ አልተነሣም። ደክሟቸው ያረፉ መስሎኝ ነበር። በጣም ተጠግቼ ስመለከት ከላይኛው ሽፋን ላይ ጥቂቶቹ ጭራቸውን እያራገቡ ወደ አንድ አቅጣጫ ሮጥ ይሉና ዞረው ይመለሳሉ፤ አንዷ ወደ ሐይቁ፣ ሌላዋ ወደ ተራራው። ምን እንደሚያደርጉ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በንባብ ነው።

የንብ ጭፈራ የምግብን አቅጣጫና ርቀት እንደሚናገር የደረሰበት ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ሲሆን ለዚህና ለመሰል ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ተማሪው ማርቲን ሊንዳወር ደግሞ በ1949 በሙኒክ ከተማ ቁጥቋጦ ላይ የሰፈረ መንጋ ሲመለከት የሚጨፍሩት ንቦች ቆሻሻ መሆናቸውን አስተዋለ። አንዷ ጥላሸት ለብሳለች፣ አንዷ የጡብ ብናኝ፣ አንዷም ዱቄት። ከአበባ የመጣች ንብ እንዲህ አትሆንም። ከተማይቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈራርሳ ስለነበር ንቦቹ በፍርስራሹ ውስጥ፣ በጭስ ማውጫውና በግድግዳው ስንጥቅ፣ ለመንጋው ቤት ሲፈልጉ መዋላቸውን ተረዳ። እያንዳንዷ አሳሽ ያየችውን ቤት እየጨፈረች ትናገር ነበር፤ ሁሉም የሚናገሩት ቤት አንድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው ቶማስ ሲሊ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ተከታተለ። አስር ሺህ ያህል ንብ ካለበት መንጋ ለአሰሳ የሚወጡት ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። አንዲት አሳሽ በሌላዋ ጭፈራ ተማርካ ልትሄድ ትችላለች፤ ነገር ግን ቦታውን ራሷ ገብታ፣ ግድግዳውን ዞራ ሳትመረምር አትጨፍርለትም። በጣም ጥሩ ቤት ያየች ረዘም ላለ ጊዜ ትጨፍራለች፣ መናኛ ያየች ቶሎ ታቆማለች። እ.ኤ.አ. በ2012 እርሱና ባልደረቦቹ እንዳሳወቁት ሌላ ቦታ የምትደግፍ አሳሽ የምትጨፍረዋን በጭንቅላቷ ገጭታ አጭር ድምፅ በማሰማት ጭፈራዋን እንድታቆም ታደርጋለች። በመጨረሻ በአንደኛው ቦታ ከሃያ እስከ ሠላሳ የሚደርሱ አሳሾች በአንድ ጊዜ ሲገናኙ መንጋው ለመነሣት ይዘጋጃል። ሲሊ ዛፍ እምብዛም በሌለበት ደሴት ላይ አንድ ደህና ሣጥንና አራት ጠባብ ሣጥኖች አስቀምጦ በአምስት መንጋዎች ሲሞክር አራቱ መንጋዎች ደህናውን መረጡ።

አሁን አስብ። እነዚህ ንቦች በእውነት አንድ አእምሮ ቢሆኑ ኖሮ አንዷ ያገኘችው የመጀመሪያ ቀዳዳ የሁሉም ሐሳብ ይሆን ነበር፤ ቀዳዳው ጠባብ መሆኑን ሄዳ አይታ የምትመሰክር ሌላ ዓይን አይኖርም ነበር። መንጋውን ያዳነው እየተለያዩ መመርመራቸው፣ እየተጋጩ መጨፈራቸው ነው። ንብን ከሰው ጋር አስተካክዬ ማየቴ አይደለም፤ ንብ ከመንጋዋ ተለይታ ብዙ መቆየት አትችልም፣ ስለራሷ ኑሮ የምትወስነውም ጥቂት ነው። ሆኖም ቀፎን የዝምታ ምሳሌ ማድረግ ከቀፎ አጠገብ ቁጭ ብሎ ካላየ ሰው የመጣ ነው። ከአባትህ ቀፎዎች አንዱ መንጋ ያወጣ ዕለት፣ ከመያዛችሁ በፊት፣ በጠዋት ፀሐይ ላዩን ተመልከትና የየት ቦታ አቧራ እንደያዛቸው ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ «ከዘጌ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምር ነኝ። እርስዎና መሰሎችዎ የግለሰብ ነጻነት እያላችሁ የምትጽፉት የባዕዳን ፍርሃት ነው። በእኛ ዘንድ ‹እንደ አንድ ልብ መካሪ፣ እንደ አንድ ቃል ተናጋሪ› መሆን ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይደለም። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ላይም ያመኑት አንድ ልብና አንዲት ነፍስ እንደነበራቸው፣ ንብረታቸውም የጋራ እንደነበር ተጽፏል። ይህን መጥላት አለብን?»

መልስ፦ መምህር፣ በመጀመሪያው ነገር ግማሽ ያህል ትክክል ነዎት። በእነዚያ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ነጻ የሚባለው ሰው ብቻውን ሮጦ፣ ብቻውን ተዋግቶ፣ ብቻውን የሚቀር ነው። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል እየተባለ ያደገ ሰው ይህን እንደ ድል ለማየት ይቸገራል፤ እኔም እቸገራለሁ። ግን ፍርሃቱ የባዕዳን ብቻ ነው ለማለት ቅርባችን ያለውን መርሳት ይሆናል።

በአንድነት ገዳም የሚኖር መነኩሴ የግል ጎተራ የለውም፣ ከማኅበሩ ማዕድ ይቋደሳል፣ ፈቃዱንም ለአበምኔቱ ይሰጣል። ከውጪ ሲታይ የራስን ልብ ለመተው ከዚህ የቀረበ ኑሮ የለም። ነገር ግን በመጣበት ዕለት አይመነኩስም፤ በአመክሮ ይቆያል፤ ይመለስ ዘንድ መንገዱ ክፍት ሆኖ ይፈተናል። ከመነኮሰም በኋላ ለንስሐ አባቱ የሚነግረው የራሱን ኃጢአት ነው፤ ከሁለቱ በቀርም ማንም አይሰማውም። በየቀኑ የሚሰጠው ፈቃድ በየቀኑ የራሱ ሆኖ ስለሚያድር ነው መልሶ የሚሰጠው። በዘጌም መሬት በበሬ እንዳይታረስ የቆየውን የአባቶች ሥርዓት እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ያ የቡና ደን እስከ ዛሬ የቆመው ማረስ የሚችሉ ሰዎች ትውልድ በትውልድ ሳያርሱ ስለቀሩ ነው።

ስለ ቅኔም ያስቡ። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ብዙ ተማሪ በአንድ የኔታ እግር ሥር፣ በአንድ ሰዋስው፣ በአንድ ልክ ይማራል። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት፣ መወድሱ ስምንት ቤት መሆኑን የሚለውጥ ተማሪ የለም። ቢሆንም ትናንት የተነገረውን ቅኔ ዛሬ የራሱ አስመስሎ ይዞ የሚቀርብ ያፍራል፤ እያንዳንዱ በጫካው፣ በወንዙ ዳር ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን ያመጣል። ሰምና ወርቅም የሚኖረው የባለቅኔው ልብ ለሰሚው ዝግ ስለሆነ ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እስኪያገኝ ድረስ ሰሚው ይደክማል፣ ሲያገኘውም «ይበል!» ይላል። የሁሉ ልብ ለሁሉ ክፍት በሆነበት ዓለም ወርቁ ከሰሙ በፊት ታውቆ ያድራል፤ ይበል የሚል ሰው አይገኝም። ለእኔ ከማናቸውም የውጪ ልብ ወለድ ይልቅ ያን ዓለም የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

የጠቀሱልኝን ምዕራፍ በተመለከተ ግን አልጠላውም፤ እንዲያውም ሁለት ምዕራፍ አልፈው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። በምዕራፍ 6 መጀመሪያ እነዚያው አንድ ልብና አንዲት ነፍስ የነበራቸው ሰዎች ቅሬታ ተነሣባቸው። ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ የዕለቱ ምግብ ሲከፋፈል መበለቶቻችን ችላ ተብለዋል ብለው አንጐራጐሩ። ሐዋርያት አንድ ልብ ነን ስለዚህ ዝም በሉ አላሏቸውም፤ ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች ከመካከላችሁ ምረጡ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ እንሾማቸዋለን አሉ። ይህ ነገር ሕዝቡን ሁሉ ደስ አሰኘ ይላል መጽሐፉ። በአንድ አእምሮ ዓለም ቢሆን የተራበችው መበለት ረኀብ ለሁሉ ተከፋፍሎ እንደ ጥቂት ቁርጠት ይሰማ ይሆናል፤ ምግቡ ተከለከለብኝ ብላ የምትቆም አሮጊት ግን አትኖርም ነበር። እነዚያ መበለቶች በቋንቋቸውና በአመጣጣቸው ከሌሎቹ የተለዩ መሆናቸው በአንድነቱ ውስጥ ስላልጠፋ ድምፃቸው ተሰማ። በዚያ ማንጐራጐር ምክንያት ከተመረጡት ከሰባቱ ስሙ ቀድሞ የተጻፈው እስጢፋኖስ ነው፤ ከደቅ ደሴት አጠገብ ያለው የዳጋ ገዳምም የተሰየመው በእርሱ ነው።